ለባሕር ዳር ግቢ የሚሆን ኩሬ፦ ማንን እናስገባ፣ ማንን እንከልክል

«ጣና አጠገብ እየኖራችሁ ግቢ ውስጥ ኩሬ ምን ያደርግላችኋል?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። በሐይቁ ዙሪያ የነበረው ረግረግና ደንገል በእርሻ፣ በግጦሽና በግንባታ እየሳሳ ሄዷል። እንቁራሪቱም፣ የውሃ ተርቡም፣ ትንንሽ ወፎቹም የሚያርፉበት ጥግ እያጡ ነው። በአንድ ግቢ ያለች ኩሬ ሐይቁን አትተካም። ለእነሱ ግን የምር መኖሪያ ትሆናለች። ለልጆቻችሁም ጥሩ ትምህርት ቤት ናት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ኩሬያችሁ ውስጥ የምታስገቡት ነገር ሁሉ አንድ ቀን ጣና ይደርሳል ብላችሁ አስቡ። በክረምት ኩሬ ሞልቶ ይፈሳል። ወፍ በእግሩ ዘር ይዞ ይሄዳል። ልጅ በባልዲ ቀድቶ ቦይ ውስጥ ይደፋል። ስለዚህ ከጣና ተፋሰስ ያልሆነ ዓሣም ሆነ ተክል አይገባም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ደንብ የሚነሳ ነው።

አየራችንን እንወቅ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባሕር ዳር ወይና ደጋ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በታኅሣሥና በጥር ግን ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቀን ሞቃት፣ ሌሊት ቀዝቃዛ፤ የኩሬያችሁ ዋና ፈተና ይሄ መዋዠቅ ነው።

ሁለተኛው ፈተና በዓይን አይታይም። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ አገሮች በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። እኛ ዘንድ ከ7 ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ መመሪያ «በአንድ ካሬ ሜትር ይህን ያህል ዓሣ ጨምሩ» ሲላችሁ ቁጥሩን ቀንሱ።

ቦታ መምረጥ

የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ፈልጉ። ሌሊት የቀዘቀዘውን ውሃ ቶሎ የምታሞቀው የጠዋት ፀሐይ ናት። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጥላ ቢያገኝ ጥሩ ነው። ከማንጎና ከባሕር ዛፍ ሥር ግን አትቆፍሩ። ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል።

ከመጸዳጃ ቤት ጉድጓድና ከሴፕቲክ ታንክ በደንብ ራቁ። ይሄ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቢልሃርዚያ ጉዳይም ነው። ወደሱ እመለሳለሁ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ አጥር ከቁፋሮው ጋር አብሮ ይሠራ፣ «በኋላ» አይባል። ቤታችሁ ሐይቁ ወይም ዓባይ ዳር ከሆነ አጥሩ ጠንካራ ይሁን። ጉማሬ በሌሊት ለግጦሽ እንደሚወጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ቁፋሮ

በታኅሣሥና በጥር ቆፍሩ። ዝናብ የለም፣ ሠራተኛም ይገኛል። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ኩሬ ለአንድ ግቢ ይበቃል። የባሕር ዳር መሬት ጥቁር ድንጋይ ስለሚበዛበት መጀመሪያ በዶማ ሁለት ሦስት ቦታ ሞክሩ። 50 ሴንቲ ላይ አለት ካገኛችሁ ቦታውን ቀይሩ።

ጥልቀቱ በደረጃ ይሁን። ዳር ዳሩን 15 ወይም 20 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ሰፋ ያለ እርከን ተዉ። እንቁራሪት የምትራባው፣ ወፍም ውሃ የሚጠጣው እዚያ ነው። ቀጥሎ 40 ሴንቲ የሚሆን ሁለተኛ እርከን ይኑር፤ እሱ ለተክል ነው። መሃሉ ቢያንስ 1 ሜትር፣ ቢቻል 1 ሜትር ከ20 ይውረድ። ጥልቀቱ ላይ አትሰስቱ። 30 ሴንቲ ውሃ በአንድ የጥር ሌሊት እስከ ታች ይቀዘቅዛል። አንድ ሜትር ውሃ ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ ዓሣውም ወደ ታች ወርዶ ይጠለላል። አንዱን ጎን ዘቅዘቅ አድርጋችሁ ድንጋይ ደርድሩበት። የገባ እንስሳ መውጫ ያስፈልገዋል።

አፈሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ሲረጥብ ውሃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ብቻውን አትመኑት። ገበሬው ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚያነጥፈው ወፍራም ላስቲክ፣ ጂኦሜምብሬን፣ ይሻላል። ልኩን ለማወቅ በርዝመቱም በስፋቱም ላይ የጥልቀቱን እጥፍ ጨምሩ፣ ለጠርዝ ደግሞ አንድ ሜትር። 3 በ4 ለሆነና 1.2 ሜትር ለሚወርድ ኩሬ 6 ሜትር ተኩል በ7 ሜትር ተኩል ይበቃል። ከሥሩ አሸዋ ወይም አሮጌ ጆንያ አንጥፉ፤ ሹል ድንጋይ እንዳይቀደው። ጠርዙን በድንጋይ ሸፍኑት፤ ፀሐይ በቀጥታ የምታገኘው ላስቲክ ቶሎ ያረጃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ የትርፍ ውሃ መውጫ። የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ኩሬውን ሞልቶ ያፈሰዋል። የት እንደሚፈስ እናንተ ወስኑ። ከጠርዙ ዝቅ አድርጋችሁ ቱቦ ቅበሩ፣ አፉን በደቃቅ ወንፊት ሽቦ ዝጉ፣ መጨረሻውን ወደ ሙዝ ወይም ወደ ፓፓያ ሥር ምሩት። ወደ መንገድ ቦይ አትልቀቁት። የመንገድ ቦይ መጨረሻው ሐይቁ ወይም ዓባይ ነው።

ውሃ መሙላት

እንዲህ ያለ ኩሬ ከ6,000 እስከ 7,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ችግር የለውም። ክሎሪኑ እንዲተን የመጨረሻውን ውሃ ከጨመራችሁ በኋላ ሁለት ቀን በፀሐይ ተዉት። የጣሪያ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ የመጀመሪያውን ዝናብ አስወጡት፤ የወራት አቧራና ዝገት አጥቦ ነው የሚመጣው።

ከሐይቁ በጀሪካን ቀድታችሁ አታምጡ። ከውሃው ጋር የእምቦጭ ዘር፣ ቀንድ አውጣና በሽታ ይመጣል።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ውሃውንም አትቀይሩ። ተክሉ ሲያድግ ይጠራል። በረኪናማ ከነጭራሹ አይታሰብ።

ተክል

ቀረብ ካለው ልጀምር፤ ቄጠማ። የበዓል ቀን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ለኩሬ ዳር ተስማሚ ነው። እርጥበት ይወዳል፣ ብርዱንም ይችላል፣ ለእንቁራሪትም መደበቂያ ይሆናል። ለበዓል ከገዛችሁት ላይ ሥር ያለው ካገኛችሁ ጠርዙ ላይ ትከሉት። በሚቀጥለው በዓል ከግቢያችሁ ታጭዳላችሁ።

ደንገል የጣና መለያ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከሱ ነው። ግን ይስፋፋል፤ ስለዚህ በትልቅ ባልዲ አፈር ውስጥ ተክላችሁ ባልዲውን ሁለተኛው እርከን ላይ አስቀምጡ። ፊላም እንደዚያው፤ የፊላ ሥር ጂኦሜምብሬን ሊወጋ ይችላል። ለትንሽ ኩሬ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። እኔ ደንገሉን እመርጣለሁ። የውሃ ተርብ ከእጩ ሲወጣ የሚንጠላጠልበት ግንድ ነውና።

ቅጠሉን ውሃ ላይ የሚዘረጋው የጣና የውሃ አበባም ጥልቁ ላይ ያምራል፣ ለዓሣም ጥላ ይሰጣል። ውሃ ውስጥ ሰምጠው ከሚያድጉት አንድ ዓይነት ጨምሩ። ኦክስጅን በቀጥታ ውሃው ውስጥ የሚለቁት እነሱ ናቸው፤ በእኛ ከፍታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የውሃው ፊት ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ በተክል ይሸፈን፣ ከዚያ አይለፍ።

እምቦጭን ለብቻው ላንሳው። በጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው በ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በኋላ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ሕዝቡ በእጁ ሲነቅለው ዓመታት አልፈዋል። ወይን ጠጅ አበባው ዓይን ይማርካል፤ «ለኩሬ ያምራል» የሚል ሰው ይመጣል። እምቢ በሉ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ ሊበቅል ይችላል። አንዲት ግንድ ግቢ ውስጥ ማሳደግ ያ ሁሉ ገበሬ የደከመበትን መናድ ነው።

ስለዚህ ተክል የምትወስዱት ንጹሕ ኩሬ ካለው ሰው ወይም ከችግኝ ጣቢያ ይሁን። ጣና ከ2015 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ቦታ ነው፤ ከጥብቅ ረግረጉ እየነቀሉ መምጣት አይገባም። ያመጣችሁትን ተክል ሥሩን አፈር እስከማይቀረው እጠቡት። ከዚያ በገንዳ ውሃ ለሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ፤ እንደ ዝልግልግ ጠብታ የሚመስለው የቀንድ አውጣ እንቁላል ነው። ፋቁት። የታጠበበትን ውሃ ደረቅ መሬት ላይ ድፉ።

በራሳቸው የሚመጡት

እዚህ ላይ ሥራችሁ መጠበቅ ነው። የውሃ ተርብ ብዙ አይቆይም፣ ውሃ ካየ ይመጣል። የውሃ ላይ ሯጭ ነፍሳትም እንዲሁ። ግንቦት ማለቂያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታ ማታ ማታ የእንቁራሪት ድምፅ ትሰማላችሁ።

እንቁራሪት ከሌላ ቦታ በባልዲ አታምጡ። የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ አለ፤ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎችም ተገኝቷል። በእርጥብ መረብ፣ በቦት ጫማና በውሃ ይተላለፋል። በራሷ የመጣችው እንቁራሪት ለሰፈሩ ትክክለኛዋ ናት።

በአጥሩ ሥር የእጅ መዳፍ የምታህል ክፍተት ተዉላቸው። ከኩሬው አጠገብ የድንጋይ ክምርና የእንጨት ግንድ አስቀምጡ፤ በበጋ የሚጠለሉበት ነው። ጓሮ ውስጥ ፀረ ተባይ መርጨት ግን ይቅር። የእንቁራሪት ቆዳ የነካውን ሁሉ ይመጥጣል።

ዓሣ፦ መጨረሻ ላይ፣ ጥቂት

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዓሣ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከውሃና ከተክል ነው። ዓሣ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ አስገቡ። ውሃው ሞቅ ያለበት ወቅት ስለሆነ ብርድ እስኪመጣ ድረስ ይጠነክራል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ቀረሶ፣ ብዙዎች ቲላፒያ የሚሉት ነው። የጣና ተወላጅ ነው። ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ጥልቀቱ ላይ አትሰስቱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የቀረሶ ችግሩ መራባቱ ነው። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ ብዙው ጫጩት ይተርፋል፤ ኩሬው በአጭር ጊዜ በማያድጉ ትንንሽ ዓሦች ይጨናነቃል። ለ12 ካሬ ሜትር ኩሬ ከ10 ጫጩት በላይ አታስገቡ። ወንድና ሴት የሚለይ ባለሙያ ካገኛችሁ ወንድ ብቻ ውሰዱ። ጫጩት ስትፈልጉ ባሕር ዳር ባለው የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጠይቁ።

አምባዛ ይቅርባችሁ። ብርቱ ዓሣ ነው፤ ትንሽ ኦክስጅን ባለበት ውሃም ይኖራል። ግን የእንቁራሪት ግልገል፣ የውሃ ተርብ እጭ፣ ትንንሽ ዓሣ፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ዝናባማ ሌሊት ደግሞ ከኩሬ ወጥቶ በእርጥብ ሣር ላይ መሄድ ይችላል።

ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከደርዘን በላይ ትልልቅ የባርቡስ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ነው እንቁላል የሚጥሉት። ግቢ ውስጥ ወንዝ የለም። ወንዝ አፍ ላይ በሚጣል መረብ ቁጥራቸው ተመናምኗል። ለኩሬ ብላችሁ አትግዟቸው።

ከውጭ የሚመጣውን ባጭሩ፦ ካርፕ በዝዋይና በቆቃ ስላለ «አገርኛ ነው» ይሏችኋል፤ ለጣና ግን እንግዳ ነው፣ ጭቃም እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል። ትራውት በባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች ይኖራል፤ እኛ ዘንድ በመጋቢት ውሃው ይሞቅበታል። ጎልድፊሽና «ትንኝ በሊታ» ተብለው የሚሸጡ የውጭ ዓሦችም አይገቡም። ለጌጥ ከፈለጋችሁ ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ አኑሯቸው።

ጫጩቱን በጠዋት አጓጉዙ። ፌስታሉ ሲሦው ውሃ፣ የቀረው አየር ይሁን። ስትደርሱ ፌስታሉን እንደታሰረ ኩሬው ላይ ለግማሽ ሰዓት አንሳፉት። ከዚያ ከኩሬው ውሃ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ አላምዷቸው፣ ቀጥሎ ልቀቋቸው።

እንቁራሪትም ዓሣም አንድ ላይ ከፈለጋችሁ ዳሩን በቄጠማ አጥብቃችሁ አስይዙት፤ ዓሣው ጥቅጥቅ ያለ ተክል ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ከዚህ የሚሻለው ግን አጠገቡ ዓሣ የሌለባት ትንሽ ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጉና አካባቢ ያላችሁ፣ ቀረሶን ተዉት። 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ሌሊቱ አይመቸውም። ዓሣ አልባ ኩሬ ሥሩ። እንቁራሪቱና ነፍሳቱ እንዲያውም ይበዛሉ።

ወባና ቢልሃርዚያ

ይህን ክፍል ያልተገበረ ሰው ኩሬ ባይቆፍር ይሻላል። ባሕር ዳር የወባ አካባቢ ናት። ትንኝ በሞቀ ውሃ ከእንቁላል እስከ በራሪ ለመድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለዚህ በየአምስት ቀኑ ነጭ ሳህን ይዛችሁ ከዳሩ ውሃ ቅዱና እዩ። ከውሃው ፊት ጋር ትይዩ ተኝቶ የሚንሳፈፍ እጭ የወባ ትንኝ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ሌላ ትንኝ ነው። ሁለቱንም በወንፊት አውጡ። ዳሩ ላይ የተከማቸ ዝቃጭና የአረንጓዴ ክር ብዛት ካለ አንሱት፤ መደበቂያቸው እሱ ነው። የቀረሶ ጫጩትና የውሃ ተርብ እጭ ከገቡ በኋላ ሥራው ይቀልላችኋል። ዓሣ በሌለበት ኩሬ ግን ቁጥጥሩ በጭራሽ አይቋረጥ። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሚያይ ሰው ከሌለ ኩሬው ይደርቅ።

ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ግን ቀንድ አውጣው ብቻውን አያመጣውም፤ የታመመ ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ውሃው ውስጥ መግባት አለበት። ከሽንት ቤት መራቁ፣ ተክል ማጠቡና የሐይቅ ውሃ አለማምጣቱ መንገዱን ይዘጋዋል። እናንተም ኩሬ ስታጸዱ ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት አድርጉ።

የዓመቱ ሥራ

ለዓሣው ምግብ አታብዙ። በአምስት ደቂቃ ተበልቶ የማያልቅ ምግብ በስብሶ ውሃውን ይመርዛል። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት አትመግቡ፤ ውሃው እስኪሞቅ እስከ እኩለ ቀን ጠብቁ።

በክረምት ለቀናት ደመና ሲሆን ተክሉ በቂ ኦክስጅን አይሠራም። ንጋት ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ ሲከፍቱ ካያችሁ ምግብ አቁሙ፣ በባልዲ ከከፍታ ላይ ውሃ እየቀዳችሁ መልሳችሁ አፍስሱበት። አየር የሚገባው እንደዚህ ነው።

አርጃኖና ድመት ይመጣሉ፣ ዓሣ አዳኝ ወፍም ይመጣል። ወፉን አታባርሩ፤ የኩሬው እንግዳ ነው። ዓሣው እንዲደበቅ ጥልቁ ላይ ሰፋ ያለ የሸክላ ቧንቧ ወይም የድንጋይ ዋሻ አስቀምጡለት።

በሁለተኛው ዓመት ቀረሶው በዝቶ ታገኙታላችሁ። በየሦስት ወሩ በመረብ ቀንሱ። ንጋት ላይ አይደለም፤ ያኔ ኦክስጅኑ ዝቅተኛ ነው፣ የተበጠበጠ ጭቃም ያባብሰዋል። ረፋድ ላይ አድርጉት። የደረሰውን ጥበሱት። ጫጩቱን ኩሬ ላለው ሰው ስጡ፤ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሂዱና የትርፍ ውሃ መውጫው ወንፊት እንዳለው አይታችሁ ስጡ።